ባሕር ያላዩ ልጆች

ሐምሌ፣ አንኮበር

ሰሞኑን አንድ መስኮት ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሦስት ክፍል አለው። አንዱ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ አንዱ ትግሏን፣ አንዱ ደግሞ ነገዋን ያሳያል። ከዚህ በፊትም አይቼዋለሁ። የተሠራበትን ዘመን ልብ ብዬ ያሰብኩት ግን ገና አሁን ነው።

ሥራው ያለቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አፍሪካ ምን ላይ ነበረች? አልጄሪያ ጦርነት ላይ ነበረች። ኬንያ ነፃ የወጣችው በ1956 ነው። ሞዛምቢክ በ1967፣ አንጎላ በ1968፣ ናሚቢያ በ1982። የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ መሪውን ለመምረጥ የተሰለፈው ደግሞ በሚያዝያ 1986 ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ራሱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የተመሠረተው በግንቦት 1955 ነው። መሪዎቹ ሊመክሩ ሲገቡ ሥዕሉ ቀድሟቸው ተገኝቷል። ገና ያልሆነው ነገር መስተዋቱ ላይ ሆኖ ነበር።

ይህን ያሰበው ሰው እዚሁ አንኮበር ነው የተወለደው፤ ጥቅምት 1925። ጣሊያን አገሩን ሲወር ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር። ነፍስ ያወቀው በወረራ ዘመን ነው ማለት ነው። በ15 ዓመቱ የማዕድን ምህንድስና እንዲማር እንግሊዝ ተላከ። እሱ ግን ልቡ ወደ ሥዕል አደላ። በወረራ ውስጥ ያደገ ልጅ የአህጉሩን ነፃነት በብርሃንና በቀለም አስቦ መሥራቱን ሳስብ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ ይመጣል።

እኔም አሁን አንኮበር ነኝ፣ አክስቴ ዘንድ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክረምቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉሙ ደጅ ድረስ ይመጣል፣ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። የአክስቴ የልጅ ልጆችና የጎረቤት ልጆች ምድጃውን ከበው እንቆቅልሽ ጀመሩ። እኔም የባቄላ ቆሎዬን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

«ውሃ!»

ይህቺማ ቀላል ናት። ቀጥሎ የመጣው ግን አንዷን ልጅ አስጨነቃት። ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም። «እንግዲያው አገር ስጪኝ» አላት ጠያቂው። ጎንደርን ሰጠችው። እምቢ አለ። ሐረርን ሰጠችው፣ እሱንም እምቢ አለ። በመጨረሻ ተናዳ «በቃ ባሕሩን ሰጥቼሃለሁ!» አለችው።

ቤቱ በጭቅጭቅ ተሞላ። ባሕር አገር ነው ወይ? አይደለም ያሉ አሉ። ልጁ ግን ደስ ብሎት ተቀበለ። «ባሕር ገብቼ፣ ምን አጥቼ!» ብሎ የዓሣውን፣ የመርከቡን፣ የሹመቱን ነገር ይዘረዝር ጀመር። ከመሃላቸው ትንሹ አቋረጠውና «ባሕር ግን ምን ይመስላል?» አለው።

ማናቸውም አላዩትም። ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ፦ «ጠዋት ጉሙ ቆላውን ሲሞላው አላየህም? እንደሱ ነው። ግን ፀሐይ ስትወጣም አይገፈፍም።»

እኔ ባሕር አይቻለሁ። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልነግረው አልችልም ነበር።

ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርኩት ይህን ነው። ሰው ያላየውን ነገር ከየት አምጥቶ ያያል? ከባዶ አይደለም። ልጁ በጎቹን ይዞ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆም በየቀኑ የሚያየው ጉም አለ። ከሱ ላይ መገፈፉን ቀነሰለት፣ ባሕር ሆነ። እጁ ላይ ባለችው ነገር እግሩ ያልረገጠው ቦታ ደረሰ።

የላሊበላ ጠራቢዎችም ከዚህ የራቁ አይመስለኝም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲካብ የተሳሳተውን አፍርሶ እንደገና መካብ ይቻላል። አለት ሲፈለፈል ግን የተቆረጠ አይመለስም። ቤተ ጊዮርጊስ የተወቀረው ከላይ ወደ ታች ነው። ጣሪያው ሲጀመር በሩ አለቱ ውስጥ ገና ጨለማ ነው። ያንን በር በሐሳቡ ያላየ ሰው መሮውን የት እንደሚያሳርፍ ሊያውቅ አይችልም። የቅኔ ተማሪውም እንዲሁ ነው። ለምዱን ደርቦ፣ የለመናትን ቁራሽ በልቶ፣ ወረቀት ሳይዝ ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል። ቤቱን የሚያቆመው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

ጠዋት ይህን ለአክስቴ አወራኋቸው። «ተው ልጄ፣ ምኞት ማንን አሳደረ» አሉኝ።

ነገራቸውን ንቄ አላለፍኩትም። በዚህ ተዳፋት ላይ ገብስና ባቄላ እየዘሩ ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ረኃብን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን እኮ እሳቸውም የዘር ገብሳቸውን በክፉ ቀን እንኳ አይነኩም። ልጅ እየራበው እህሉ እዚያው ጎተራ ውስጥ ይቀመጣል። ለምን? ያልበቀለውን አዝመራ ስለሚያዩት ነው። ይህንንም ነገርኳቸው። «እሱማ ግድ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ግን አሁንም ግድ ብቻ አይመስለኝም።

የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። አፈወርቅን የላከው አገኘ። ከዚሁ አምባ እንደሱ ያለ ልቡና ይዘው ቀለም ሳይነኩ ያረጁ ስንት ይሆኑ? ማሰብ ወሰንን ይሻገራል እላለሁ፣ አምንበታለሁም። ግን የታሰበው ነገር በእጅ እስኪያዝ ድረስ ቀለም ያስፈልጋል፣ ወረቀት ያስፈልጋል፣ «ቀጥል» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሲጎድል ሐሳቡ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ድህነት ከሚወስድብን ነገር ሁሉ ይህን ያህል የሚያንገበግበኝ የለም።

ያ ባሕርን በጉም ያስረዳው ልጅ፣ ለካ «ትምህርት አይገባውም» እየተባለ ነው የሚያድገው። አክስቴ ናቸው የነገሩኝ። ደሜ ፈላ። ደብተር ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አልመልስ ስላለ ነው አሉ። ያላየውን ነገር ለሌላው እንዲታየው አድርጎ የሚናገር ልጅ ምን ቀረው? እኛ ትልልቆቹ ጉብዝናን የምንለካበት ቁና ነው የጠበበው።

ክረምት ስለሆነ ትምህርት ዝግ ነው። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄጄ የሥዕል ወረቀትና ቀለም እገዛለሁ። አክስቴ «ግድግዳዬን እንዳያዥጎረጉሩብኝ እንጂ ይምጡ» ብለው ቤታቸውን ፈቅደዋል። ልጁን ጠርቼ ምን መሣል እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። «መጀመሪያ ስንት ዓይነት ቀለም እንዳለ ልየው» አለኝ።