ላስቲኩ ሳይነሳ

ሰኞ የጀመረውን ነገር ሳልጽፈው ዓርብ ደረሰ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ሊረሳኝ ስለሆነ ወጡ እስኪሞቅ እዚሁ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ልሞክረው።

ነገሩ የሚኒባሳችን ነው። ናዝሬት እየኖርኩ ሞጆ ነው የምሠራው። (በጽሑፍ አዳማ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አፌ ግን አሁንም ናዝሬት ነው የሚለው።) ደረቅ ወደቡ አካባቢ ካለ አንድ ቢሮ ውስጥ የትራንዚተሮችን ወረቀት ሳስተካክል እውላለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መሄድ፣ ማታ መመለስ። በወር እየከፈልን በኮንትራት የምንሄድ 12 ሰዎች ነን፤ ሰልፍ የለብንም፣ ግፊያ የለብንም፣ ሁሉም ወንበሩን ያውቃል። የኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ነው። 4 ዓመት ተቀምጬበታለሁ።

መኪናዋ አርጅታ ነበር። የወንበሮቹ ጨርቅ መጀመሪያ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ተከራክረን አልተስማማንም፤ የባንኩ ልጅ ሰማያዊ ነው ይላል፣ እማማ ቅቤ ቡና ዓይነት ነበር ይላሉ። (እማማ ቅቤ የምንላቸው ሞጆ ገበያ ቅቤ ስለሚሸጡ ነው። እንደዚያ እንደምንላቸው ያውቃሉ፣ ይስቃሉ።) የኋላው ወንበር አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ነው። በሩ ከውስጥ አይከፈትም፤ ረዳቱ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ከውጭ ነበር የሚከፍተው። የኔ ወንበር ደግሞ ቀኝ ጎኑ ላይ አንድ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችው። አባቴ ታሞ በተኛበት ክረምት፣ ከቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ጣቴን እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ከትቼ ስፖንጁን እቆነጥር ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ቀዳዳዋ ሁለት ጣት ታስገባ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የሰው ንብረት ማበላሸት ነዋ።

ባለፈው ወር መጨረሻ ሹፌራችን «ዲኮር ልትገባ ነው፣ አንድ ሳምንት ታገሱኝ» አለን። ሳምንቱ 11 ቀን ሆነ። በቅጥቅጥም፣ በተገኘውም ስንንከራተት ከረምን።

ሰኞ መጣች። መጀመሪያ አላወቅናትም። ረዳቱ «አካም ቡልተን!» ብሎ በሩን ሲከፍተው ነው ያመንነው፤ ያውም ከውስጥ! ወንበሮቹ ቀይና ጥቁር ሌዘር ለብሰዋል፣ ስፌቱ ነጭ ክር ነው፣ በመስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ወለሉ አዲስ ምንጣፍ፣ መጋረጃው ባለዘርፍ። ጣሪያውን ዙሪያውን የሚዞር ሰማያዊ መብራት አለ፤ ከሠርግ አዳራሽ ተነቅሎ የመጣ ነው የሚመስለው። ሁሉም ወንበር ደግሞ ከነራስ መደገፊያው ላስቲኩ አልተነሳለትም።

በሩ ላይ ቆመን ተያየን። ማንም ቀድሞ መግባት አልፈለገም። በመጨረሻ ጋሼ (ጡረታ ከወጡ በኋላ የአንድ ወፍጮ ቤት ሒሳብ የሚይዙ ሰው ናቸው) ጫማቸውን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሁለቴ ጠርገው ገቡ። ከኋላቸው ያለነው ሁሉ እንደሳቸው ጠርገን ገባን። 4 ክረምት ሙሉ ጭቃችንን ይዘን ስንገባባት በኖርናት መኪና! የባንኩ ልጅ ሳይቀመጥ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። እማማ ቅቤ ባልዲያቸውን እንደወትሮው እግራቸው ሥር ሊያኖሩ ጎንበስ አሉና ምንጣፉን ሲያዩ ተመልሰው ቀና አሉ። እስከ ሞጆ ባልዲውን እንደ ልጅ አቅፈውት ሄዱ።

እኔን የገረመኝ ዝምታው ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ከከተማ ሳንወጣ «መስኮቱን ዝጊው»፣ «ክፈቺው» ይባላል፣ የዘይት ዋጋ ይነሳል፣ ኳስ ይነሳል። ሰኞ ዕለት ግን ሁላችንም ሰው ቤት ሳሎን እንደገባ እንግዳ ጉልበታችንን ገጥመን ቁጭ አልን። «ያምራል» ያለ ሰው አለ። «በጣም» ያለም አለ። አለቀ።

ማክሰኞ አፋችን ተፈታ።

አሮጌው ስፖንጅ በዘመን ብዛት ተደፍጥጦ ስለነበር ሁላችንም ዝቅ ብለን ነበር የምንቀመጠው፤ ለካ መኪናዋ በሰውነታችን ልክ ሆና የቆየችው በእርጅናዋ ነው። አዲሱ ስፖንጅ ወፍራምና ደረቅ ነው። ረጅሙ የመብራት ሠራተኛ መኪናዋ ጉብታ ባገኘች ቁጥር ጭንቅላቱ ጣሪያ ይመታል፤ ሦስተኛው ላይ «እናንተ፣ የታደሰው ለድንክ ነው እንዴ?» አለ። አይደለም፤ ለድንክም አልሆነ። እኔ አጭር ነኝ፣ እግሬ ወለሉን አልነካ ብሎኝ እንደ ሕፃን ሲንጠለጠል ነው የዋለው። ማታ ስንመለስ ደግሞ የናዝሬት ሙቀት ላስቲኩን ከጀርባችን ጋር አጣበቀው። ወራጅ በተነሳ ቁጥር ላስቲኩ ከቁስል ላይ እንደሚላቀቅ ፕላስተር ይጮሃል።

«ለምን አታነሱልንም?» አልኩት ሹፌሩን።

«ባለንብረቱ ነው እህቴ። እንዳይነካ ብሏል።»

ባለንብረቱን በ4 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አየሁት፤ ያንንም ቀን የመጣው በራሱ መኪና ነው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ይህ ወንበር የተሠራው በሩ ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው እንጂ ለሚቀመጥበት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያሳቀንን ሳልጽፍ ልዘል ነበር። ከሹፌሩ ጀርባ ፊቷን ወደኛ ያዞረች ጠባብ እርከን አለች። ድሮ ትርፍ ሲጫን ሁለት ሰው በግማሽ ዳሌው ይንጠለጠልባት ነበር፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ «ዝቅ በሉ» የሚባሉት እነሱ ናቸው። አሁን እሷም ስፖንጅ ገብቶላት፣ ሌዘር ለብሳ፣ በነጭ ክር ተሰፍታ ጠበቀችን። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋትና «ትርፍን ሾሙት!» አሉ። እስከ ሞጆ ሳቅን።

ማክሰኞ ማታ ለእህቴ በቴሌግራም ፎቶ ላክሁላት። እሷ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ነው የምትኖረው፣ ሥራ የምትመላለሰው ባርት በሚሉት ባቡር ነው። «ላስቲኩን ተዪና ሌዘር መሆኑን አመስግኚ» አለችኝ። ባርት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1972 ነው፤ ቆጥሬ ሳየው በእኛ የ1965 እንቁጣጣሽ ዕለት ሆነ። የመኪና አገር አይደል፣ ሰዉን ከመሪው አላቅቀው ባቡር ላይ ለማውጣት ሳሎን አደረጉት፤ ወንበሩን ሱፍ አለበሱት፣ ወለሉን ምንጣፍ አነጠፉበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ወደ እድሳት ሲገቡም ጨርቁ ጨርቅ እንደሆነ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጋዜጠኞች ከአንድ ወንበር ናሙና አስወስደው ላብራቶሪ ቢያስመረምሩ ባክቴሪያው ጉድ አሰኘ፤ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ሳይቀር ተገኘበት። ከዚያ በኋላ ነው በ2012 በጨርቅ ተወልውሎ የሚጸዳ ፕላስቲክ ነክ ልባስ ማልበስ የጀመሩት። (የኛን አሮጌ ጨርቅ ወስደው ቢመረምሩት ኖሮ ላብራቶሪው ራሱ ጸበል ያስፈልገው ነበር።)

«ሰዉ ምን አለ ታዲያ?» አልኳት።

«ምን ይላል፣ ግማሹ እሰይ አለ። ግማሹ ከዜናው ወዲህ መቆም ለምዶ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ሱፍ ናፍቆኛል።»

«ምን እንዳለበት እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ። ከሌሊት ሥራ ስወጣ እኮ እዚያ ላይ ነበር የምተኛው።»

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አዲሶቹ ባቡሮች ገቡ፤ በአንድ ጎን 2 የነበረው በር 3 ሆነ። ለአሮጌዎቹ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2024 የመሰናበቻ ጉዞ ተዘጋጅቶላቸው ሰው ተሰልፎ ሸኛቸው። ለዚያ ወንበር! እህቴ አልሄደችም፤ ሥራ ነበራት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያሰብኩት አባቴን ነው። አባቴ ምድር ባቡር ነበር፣ አናጢ። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መሠራት ጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አሮጌው ሐዲድ ነው። (አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በናዝሬት በኩል ያልፋል፤ ግን የሩቅ መንገድ ባቡር ነው፣ ማለዳ ተነስቶ ሞጆ ቢሮ ለሚገባ ሰው አይሆንም።) የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ወንበሩ ጣውላ ነበር። ጣውላው ሲሰነጠቅ ወይም ሲነቀል ናዝሬት ጣቢያ ጥግ ላይ በቆመ ፉርጎ ውስጥ አባቴ ይጠግነዋል። ትምህርት ቤት በማይኖር ቀን ይዞኝ ይሄድ ነበር። ላግቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ሲጨርስ በመዳፉ ሁለቴ ይዳስሰውና «ነይ» ይለኛል። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጎ በባዶ ጭኔ ጣውላው ላይ ያስቀምጠኛል፤ «ወዲያ ተንሸራተቺ፣ አሁን ወዲህ» ይላል። መዳፉ በሥራ ብዛት እንደ ጫማ ሶል ስለደነደነ ስንጥር አይሰማውም። የልጅ ጭን ግን ያገኘዋል። ሁለት ጊዜ ወግቶኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ በመርፌ ካወጣልኝ በኋላ ያንኑ ቦታ እንደገና ላገው። በዚያ ባቡር ድሬዳዋ የሚሄደው ሰው እዚያ ጣውላ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያድርበት ያውቅ ነበር። ያኔ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው፤ ደሞዜም አንድ ብርቱካን ነበር።

ረቡዕ ረዳቱ ፌስታል ይዞ መጣ። ዲኮር ቤቶቹ አሮጌውን ወንበር ሲፈቱ ከሥሩና ከውስጡ የወጣውን ሁሉ አጠራቅመው ሰጥተውታል። «የጠፋበት ይፈልግ» ብሎ ወደ ኋላ አቀበለን። ፌስታሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፦ ክዳን የሌላቸው እስክሪብቶዎች፣ ማንም የማይቀበላቸው ባለ 10 ሳንቲሞች፣ ማበጠሪያ፣ አንድ መቁጠሪያ፣ አንድ እግር የጆሮ ጌጥ፣ ማንም የማያውቀው ልጅ ጉርድ ፎቶ። ፎቶውን ሁላችንም አየነው፤ ክራባት አስሮ ደንግጦ ነው የተነሳው። «ይሄ ልጅ ይሄኔ ተመርቆ ወልዷል» አሉ ጋሼ። እማማ ቅቤ እጃቸውን ጨምረው ሲያማስሉ ቆዩና ትንሽ ቁልፍ አወጡ። ጮኹ። «የሳጥኔ! ሳጥኑን እኮ በመጥረቢያ ነው ያስፈለጥኩት!» ቁልፉን ሳሙት፣ ከዚያ ደግሞ ሰደቡት። ሳጥን የሌለውን ቁልፍ መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት።

ፌስታሉ እኔ ጋ ሲደርስ ከግርጌው ቢጫ የስፖንጅ ፍርፋሪ ነበር፣ አንድ እፍኝ የሚሆን። ረዳቱ «እሱ ቆሻሻ ነው፣ ጣይው» አለኝ። እሺ ብዬ በመስኮት አራገፍኩት።

ሐሙስ የሚጻፍ ነገር አልነበረም። የመብራት ሠራተኛው ኮፍያ አድርጎ መጣ፣ ለጭንቅላቱ።

ዛሬ አረፈድኩ። ልጄ የደንብ ልብሱን ጠፋብኝ ብሎ ስንፈልግ ቆይተን ስደርስ ወንበሬ ላይ የባንኩ ልጅ ተቀምጧል፣ የቀረው የተሾመው ትርፍ ብቻ ነው። ፊቴን ወደ ሰዎቹ፣ ጀርባዬን ወደ መንገዱ አድርጌ ተቀመጥኩ። 4 ዓመት የሁሉንም ማጅራት ሳይ ኖሬ ፊታቸውን አንድ ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ ጋቢያቸውን አጥፈው ከላስቲኩ ላይ አንጥፈዋል። እማማ ቅቤ ምንጣፉ ላይ ካርቶን አድርገው ባልዲውን በቦታው መልሰውታል። አንዷ ሌላዋ ትከሻ ላይ ተኝታለች። የዘይት ዋጋ ተነስቷል።

የባንኩ ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ያያል። «እሺ» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ «እሺ» ይላል። ቀኝ እጁ ወንበሩ ጎን ላይ ነው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ላስቲኩን ይቧጭራል፣ ቀስ እያለ፣ አንድ ቦታ ላይ፤ ላስቲኩ እዚያ ጋ ነጭ ሆኗል። ከሥሩ ያለው ስፌት ገና አልተነካም።

እንዳላየሁ ሆኜ ዓይኔን ወደ ባልዲው መለስኩ። ወጡ ሞቀ።