ሰባት ቤት

በረዶው ከሌሊት ጀምሮ ሳያባራ ሲወርድ አደረ፤ መሥሪያ ቤት ተዘጋ። ቡና አፍልቼ አቦሉን ለብቻዬ ጠጣሁ፣ ቶናውንም ጠጣሁ፤ በረካውን ግን ሰው በሌለበት ለመጠጣት ሆዴ እምቢ አለ። ጀበናውን ምድጃው ላይ ትቼ ያንን የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት እንደገና ከፈትኩት። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ አልናገርም።

ነገሩን የጀመረው ወንድሜ ነው። በገና ሰሞን ዋጋው ቀነሰ ብሎ ሁለት የዲኤንኤ መመርመሪያ ገዛ። ግማሽ ሰዓት ሳንበላና ሳንጠጣ ቆይተን፣ ጣት የምታክል ብልቃጥ ውስጥ ስንተፋ አመሸን። እኔ አፌ ደርቆ እስከ መስመሩ ለመሙላት ብዙ ታገልኩ፤ እሱ በየመካከሉ «ሎሚ አስቢ!» ይለኛል። ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ኢትዮጵያና ኤርትራ፣ እንደሚጠበቀው። ከሥሩ ግን ለእኔ 13፣ ለእሱ 9 በመቶ «አናቶሊያና ካውካሰስ» ይላል።

ስህተት ነው አልን። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ሆነን ቁጥራችን መለያየቱ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረን። ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፤ ከእያንዳንዱ ወላጅ ግማሽ እንወስዳለን እንጂ የትኛው ግማሽ ለማን እንደሚደርስ ዕጣ ነው። አንድ ቅድመ አያት በአማካይ የሚያወርሰው 12 ነጥብ 5 በመቶ ነው፤ 13ም 9ም በዚያ ዙሪያ ናቸው። ቀጥሎ ቶሮንቶ የምትኖረው የእናታችን ወንድም ልጅ ተመረመረች፤ እሷም ጋ አለ። በእናታችን በኩል ነው ማለት ነው። ከዘመዶች ዝርዝር አናት ላይ ደግሞ የቤተሰብ ስሙ በ«ያን» የሚያልቅ፣ ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው ተቀምጧል።

አርመን!

ወንድሜ ወዲያው ታሪክ ሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆች አሉ አይደል? ከአርመኖች ዕልቂት የተረፉ፣ በአርመን ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባዎች፣ አዲስ አበባ መጥተው የናስ ሙዚቃ ባንድ የሆኑት። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። እንግዲህ በወንድሜ ስሌት ቅድመ አያታችን ከአርባዎቹ አንዱ፣ ያውም ጥሩምባ ነፊ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ አርመን፣ ነጋዴም ሆነ ጫማ ሠሪ፣ የሌለ ይመስል። ወንድሜ በመዝሙር ሰዓት መምህሩ «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ያሉት ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

እኔ ግን ጥሩምባው ሳይሆን ቋጠሮው ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

አያቴ ማታ ማታ የአባቷን ዘር ትቆጥርልን ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ክሮች ትይዝና በየስሙ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ሁለተኛው ላይ «የአድዋው» ብላ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ትፈታውና «በሉ ተኙ» ትለናለች። ስሞቹን ዛሬም እንቅልፍ ላይ ሆኜ ብትቀሰቅሱኝ እጠራቸዋለሁ። በየካቲት 23 በዓል ክፍል ውስጥ ተነሥቼ «የአያቴ አያት አድዋ ዘምተዋል» ያልኩትም በእነዚያ ቋጠሮዎች ተማምኜ ነው።

ሒሳቡን ካሰቡት ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ሰዎች አሉ። አያቴ የምትቋጥረው ከእነርሱ አንዱን ነበር። የቀሩት 127ቱ፣ ሴቶቹ በሙሉ ጭምር፣ ቋጠሮ የላቸውም። አሁን ደግሞ ያ አንዱም የእኛ ላይሆን ይችላል። የወንድ አያቴ የእህት ልጅ ሲያትል ተመርምሮ የካውካሰስ ጠብታ እንኳን አልተገኘበትም። ፍርድ ቤት የሚያስረታ ማስረጃ አይደለም፤ ጣቱ ግን ወደ አያቴ እናት ቤት ያመለክታል። (ጋሞ ውስጥ፣ ሞታ ዋሻ የተገኘው ሰውዬ 4,500 ዓመት ተኝቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ለዓለም ታወጀ። ዕድለኛ ነው፤ የሚደውሉለት አክስት የሉትም።)

አክስት ስል፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። እትዬን በአብዮቱ ዋዜማ አንድ የደብረ ብርሃን መምህር ሽማግሌ ልኮ ጠይቋቸው ነበር። ሁለቱም ወገን ተቀምጦ ዘር ተቆጠረ። አያቴ ነጠላዋን ይዛ ቋጠረች፤ የልጁ አጎትም በበኩላቸው ቆጠሩ፤ ስድስተኛው ላይ አንድ ስም ከሁለት አፍ ወጣ። አያቴ ቋጠሮውን ፈትታ «እህትና ወንድም ናቸው» አለች፤ ሽማግሌዎቹም ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። እትዬ ሌላ ባል አላገቡም። እኛን አሳደጉ።

ያቺ ስድስተኛ ቋጠሮ የሌላ ሰው ከሆነችስ?

አያቴ ታውቅ ነበር? አውቃ ልጇን በዚያ ቆጠራ አታስርም፣ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ሰው ያልተጠራጠረውን ነገር በየማታው ይቆጥራል ወይ፣ እላለሁ። ምናልባት የምታውቀው እናቷ ብቻ ነበረች፤ ቋጠሮ ያልተቋጠረላት። መምህሩ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት እንደሆናቸው እትዬ ራሳቸው በስልክ ነግረውኛል። ለምን እንደነገሩኝ ያኔ አልጠየቅሁም።

ይህን እየጻፍኩ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናቸው፤ በረዶውን በዜና አይተው።

«ለመሆኑ ያ የምራቁ ነገር ምን አለ?»

«ኢትዮጵያዊ ናችሁ አለን።»

ጥቂት ዝም አሉ። «እኔን ብትጠይቁኝ ምን አለበት? በነጻ እነግራችሁ ነበር።»