የእነሱ 91፣ የእኛ 90

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ ወዳጆቼ! በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ የአደይ አበባ ፎቶ ለጥፌ "መልካም አዲስ ዓመት" ብዬ ነበር የማልፈው፣ የ2018ቱ ግን እንደዛ አልሆን አለኝ፣ ትንሽ ላወራችሁ ነውና ቡናችሁን ያዙ።

የካቲት ላይ እማዬን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አፏም ተያያዘ። 11 ቀን ሆስፒታል ስናድር አንዲት ጴንጤ የስራ ባልደረባዬ "መዝሙር 91ን አንብቢላት" ብላ ቴክስት አደረገችልኝ። ከእማዬ ትራስ ስር ዳዊቷን አወጣሁና 91ን ገለጥኩ። ልዑል ሆይ ለስምህ መዘመር መልካም ነው ይላል። መዘመር! እናቴ ውሃ በማንኪያ እየተሰጣት እኔ ልዘምር? እውነቱን ልንገራችሁ ተናደድኩ፣ በልጅቷም፣ በዳዊትም፣ በሱም (ይቅር ይበለኝ)።

ግን ሌላ የማደርገው ነገር ስላልነበረኝ ማታ ማታ እሱኑ አነብላት ጀመር። ጻድቅ እንደ ዘንባባ ያፈራል ይልና በእርጅናም መለምለም እንዳለ ይናገራል። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እማዬ በዛ በተያያዘ አፏ "ዘንባባው ይቅርብኝ፣ ሽንት ቤት ድረስ በእግሬ ልሂድ" አለች። ነርሷ ሳትቀር ሳቀች። ከታመመች ጀምሮ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር፣ እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

የንስሐ አባታችን ሊጠይቋት ሲመጡ ይሄንን ነገርኳቸውና ሳቁብኝ። "የእነሱ 91 እኮ የእኛ 90 ነው ልጄ፣ 9 እና 10 በእኛ አንድ ላይ ስለሆኑ ከዛ ወዲያ በአንድ ወደኋላ እንቀራለን፣ 148 ላይ ስትደርሺ ደሞ ትገናኛላችሁ" አሉኝ። ለካ ልጅቷ ያለችኝ በልዑል መጠጊያ የሚኖር የሚለውን ነው፣ ሰው ሁሉ በሽተኛ አጠገብ ሲሆን የሚያነበውን! እግዚአብሔር መራኝ ልበል ቁጥር ተሳሳትኩ ልበል እናንተ ፍረዱ፣ እኔ በበኩሌ ፈርጃለሁ።

ከዛ ወዲህ የየቀኑን ድርሻ ለመድገም እሞክራለሁ፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60 እያለ የሚሄደውን። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኝና ግማሹ ይቀራል። የገረመኝ ነገር ዳዊት ስታተስ ላይ የምንለጥፈው ደስ የሚል ጥቅስ ብቻ አለመሆኑ ነው። 87 ለምሳሌ ጨለማ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ወዳጅ ዘመዴን አራቅህብኝ ብሎ እዛው ያበቃል፣ አይዞህ እንኳን የለውም። ያኔ ስልክ መደወል ያቆሙ ጓደኞች ነበሩኝ፣ የሚደውሉትም "በርቺ፣ ለበጎ ነው" ይሉኛል፣ ምኑ ነው ለበጎ? ከሁሉም ይልቅ አብሮኝ የተቀመጠው 87 ነው።

ትናንት ጳጉሜን 5 ረቡዕ ነበር። የረቡዕ ድርሻ ከ61 እስከ 80 ነው፣ 64 ላይ ስደርስ ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ በቸርነትህ ዓመትን ታቀዳጃለህ የሚለውን! የዓመቱ መጨረሻ ማታ! ካላንደር አይቼ የመረጥኩት አይደለም፣ ተራው ደርሶ ነው። ዛሬ ሐሙስ ደሞ ከ81 እስከ 110 ነው፣ 87ም 90ም ያ የተሳሳትኩት 91ም የአንድ ቀን ድርሻ ናቸው።

ጠዋት 90ን እንደጨረስኩ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ከበሮ ይዘው በር ላይ መጡ። እማዬ በምርኩዟ ቀስ እያለች በረንዳ ወጣች፣ "አበባየሆሽ" ሲሉ ከልጆቹ ቀድማ "ለምለም" ትላለች። ግራ እጇ እስካሁን አልተፈታም፣ ብሩን በቀኟ ነው የሰጠቻቸው። 91 ገና ነው፣ ቡናው ሲፈላ አብረን እናነበዋለን።