ያንኑ ሞተር ሁለቴ ገጠምኩት

ሼቬሏን፣ የድሮ መኪናዬን፣ ሞተሯን በራሴ እጅ አድሼ መጀመሪያ ያስነሳኋት ቀን ከደስታ ብዛት ምሳ እንኳ አልበላሁም። 300 ማይል ሳልነዳት ግን ሞተሯ ተመልሶ ወርዶ፣ ቨርጂኒያ ስፕሪንግፊልድ ባለው ጋራዤ ውስጥ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ነበር። የድሮ የአሜሪካ መኪና ገዝታችሁ ሞተሩን በራሳችሁ እጅ ልታድሱ የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ ሁለቴ የከፈልኩበትን እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ናት። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 350 ኪዩቢክ ኢንች፣ በሊትር 5.7 ነው። ስገዛት ዘይት ትበላለች፤ ጠዋት ስትነሳ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፤ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር 300 የፈረስ ጉልበት ብሎ ጽፎለታል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። በዚያ ዘመን ኃይሉን የሚለኩት ሞተሩን ብቻውን ማቆሚያ ላይ አስቀምጠው፣ ያለ ማርሚታና ያለ ሌሎቹ ተገጣሚዎች ነበር። ከ1972 ሞዴል ጀምሮ ማርሚታውና ሌሎቹ ተገጣሚዎች እንዳሉበት መለካት ሲጀመር ቁጥሮቹ በአንዴ ወረዱ። እኔም 300 የሚለውን እያሰብኩ ከዚያ በላይ ለማግኘት ተመኘሁ፤ ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ምክር የጠየቅኋቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። እኔ ሲሊንደር ሄድ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ስል እሳቸው ቴስታታ ይላሉ፤ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ብሮንዚኒ (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ማቀፊያ ብረት)፣ ቢየላ (የፒስተን ክንድ)፣ ካንዴላ፣ ሁሉም ከጣሊያን የቀረ የጋራዥ ቋንቋ ነው። መለዋወጫ መደብር አብረን ስንሄድ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። እጃቸው ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

«የት ነው የምትነዳት?» አሉኝ መጀመሪያ ቀን።

«መንገድ ላይ ነዋ ጋሼ፤ ሥራ ልሄድባት፣ እሁድ ልዝናናባት።»

«እንግዲያው ለመንገድ ሥራት።»

እሺ አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ ግን ለእሽቅድምድም የሚሆን ትልቅ ካም ሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አዘዝኩ። ትልቅ ካም የሚሰጠው ያ የሚንገጫገጭ ድምፅ ልቤን ወስዶት ነበር።

ማውረዱና መፍታቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ብሎኩን ሬቲፊካ፣ ሲሊንደር የሚጠርብ ቤት፣ ሰጠሁት። ሲሊንደሮቹ ከላይ በኩል ተበልተው ስለነበር ከ4 ኢንች ወደ 4.030 ተጠረቡ። አዲሶቹን ፒስተኖች አስቀድሜ ገዝቼ ከብሎኩ ጋር መስጠቴ በጀኝ፤ ጠራቢው እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ ነው ቀዳዳውን የሚጨርሰው። ቴስታታዎቹ እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን በነበረበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። እርሳሱ የጭስ ማውጫ ቫልቩን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቀው ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 መግቢያ ጀምሮ ለመንገድ መኪና ተከልክሏል። ስለዚህ ጠንካራ መቀመጫ አስገባሁላቸው።

ብሎኩ «ታጥቧል» ተብሎ ነው የተመለሰልኝ። ጋሼ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክረው አንዱን ሲሊንደር ሲጠርጉት ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ያ ግራጫ የመሞረጃው ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ውስጥ ቢቀር አዲሱን ፋሻ በጥቂት ቀን ይበላዋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ የዘይት መተላለፊያዎቹን ሁሉ በረጅም ብሩሽ እየፈተግን፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አምስት ጊዜ አጠብነው። ወዲያው አድርቀን ዘይት ቀባነው፤ እርጥብ ብረት ዓይናችሁ እያየ ነው የሚዝገው።

ክራንክ ሻፍቱን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ ስናስቀምጥ ብሮንዚኒው ውስጥ ያለውን ክፍተት ለካን። ቀጭን የፕላስቲክ ክር ክራንኩ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ መያዣውን በቶርክ ሬንች 70 ፉት ፓውንድ ታጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ፈትታችሁ ክሩ ምን ያህል እንደተዘረጋ ታያላችሁ። ከአምስቱ መያዣዎች አራቱ 0.002 ኢንች አካባቢ ሆኑ። ሦስተኛው ግን ክሩ ከመጠን በላይ ተዘርግቶ 0.001 አሳየ። እኔ «ትንሽ ነው፣ ይለፍ» አልኩ። ጋሼ ዝም ብለው ብሮንዚኒውን አወጡና ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከፀጉር የቀጠነች የብረት ስንጥር ተለጥፋበት ነበር። ጠረጉት፣ መለስነው፣ እንደ ሌሎቹ ሆነ። ያቺ ስንጥር ብትቀር ኖሮ ክራንኩን መንገድ ላይ ታስይዘው ነበር።

የላይኛውን ፋሻ ጫፍና ጫፍ 0.016 ኢንች አራራቅሁት፤ ሲሞቅ ከተጋጠመ ፒስተን ይሰብራል። የቴስታታውን ቡሎኖች በየደረጃው እስከ 65 ፉት ፓውንድ አጠበቅሁ። በዚህ ሞተር ቡሎኖቹ ዘልቀው ውሃ ውስጥ ስለሚገቡ ጥርሳቸው ላይ ማሸጊያ ካልቀባችሁ ውሃው ይወጣል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ካም ሻፍቱ ቫልቮቹን የሚከፍተው ታፔት የሚባለውን ጠፍጣፋ ብረት እየገፋ ነው፤ በአዲስነታቸው ሁለቱ እርስ በርስ መላመድ አለባቸው። ዘይት የሚደርሳቸው ደግሞ ክራንኩ ሲሽከረከር ከሚረጨው ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚረጨው አይበቃም። ስለዚህ እንደተነሳ ወዲያውኑ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ላይ ለ20 ደቂቃ መቆየት አለበት። ይህን አንብቤ አውቀው ነበር። ግን ሲነሳ ድምፁን ልስማው፣ የሚያፈስ ካለ ልይ ብዬ በዝቅተኛ ዙር አሥር ደቂቃ ያህል ተውኩት። የሞላሁት ዘይትም ለአዲስ መኪና የሚሆን፣ ካሙንና ታፔቱን ከመበላት የሚጠብቀው ዚንክ ያነሰበት ነበር።

ከዚያ ነዳኋት። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ከመብራት መብራት ስቆም ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ። የፍሬኑ አጋዥ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው ቫኪዩም ነው፤ ትልቁ ካም በዝቅተኛ ዙር ከ9 ኢንች (በሜርኩሪ) በላይ አልሰጠውም። ፊት ለፊቴ እናት ሕፃን በጋሪ ይዛ ትሻገር ነበር። በሁለት እግሬ ረግጬ አቆምኳት። እዚያው መንገድ ዳር ይዤ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ መጣ። የዘይት ፊልትሮውን ቆርጬ ወረቀቱን ስዘረጋው እንደ ብር ዱቄት የሚያብረቀርቅ ብረት ነበረበት። ካሙን ስናወጣው ለሰባተኛው ሲሊንደር ያለው እንቁላል ቅርጽ ጉብታ ተበልቶ ክብ ሆኗል፤ የታፔቱ ግርጌ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ጋሼ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ጃኬታቸውን አውልቀው መፍቻውን አነሱ።

ሁሉንም ፈትተን እንደገና አጠብን፤ ብሮንዚኒዎቹ ሁሉ ተቀየሩ። አሁን ያስገባሁት ትንሽ ካም ነው፣ ከአዲስ ታፔቶች ጋር፤ አሮጌ ታፔት በአዲስ ካም ላይ በፍጹም አይሄድም። ካርቡራተሯን፣ ፋብሪካው የገጠመላትን ኳድራጄት፣ ልሸጣት ስል ጋሼ ስለከለከሉኝ አጽድቼ መለስኳት፤ የፊት ሁለቱ ጉሮሮዎቿ ጠባብ ስለሆኑ ለከተማ መንገድ የተመቸች ናት። ከማስነሳታችን በፊት ዲስትሪቢዩተሩን አውጥተን የዘይት ፓምፑን በመሰርሰሪያ አዞርነው፤ አሥራ ስድስቱም ሮከሮች (ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች) ላይ ዘይት እስኪፈስ ጠበቅን። ዚንክ የበዛበት ዘይት ሞላን። እንደተነሳ 2,200 ዙር ላይ ያዝኩት፤ ጋሼ ሰዓታቸውን እያዩ ሃያው ደቂቃ እስኪሞላ ከበሩ ላይ አልተንቀሳቀሱም።

ፊልትሮውን ስቆርጠው ንጹሕ ነበር። ቫኪዩሙ 17 ሆነ፤ ፍሬኑ በጣት ይረገጣል። ድምፁ እንደ ፊተኛው አያገሣም፤ ከመብራት ስትነሳ ግን ከፊተኛው ይልቅ ትገፋለች፤ ኃይሉ እኔ በምነዳበት ዙር ላይ ነው ያለው። ሰው ስለ ድምፁ ሲጠይቀኝ የፍሬኑን ነገር እነግረዋለሁ።

አሁን 4,000 ማይል አልፋለች። ከክራንኩ ኋላ ያለው ባለ ሁለት ቁራጭ ማሸጊያ በወር ጥቂት ጠብታ ያንጠባጥባል፤ ጫፎቹን ከመያዣው መጋጠሚያ ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ብርዱ ሲገባ ከጋሼ ጋር እንቀይረዋለን፤ ማሸጊያውን ገዝቼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጫለሁ።