ጎማ ስትቀይሩ ጎኑን አንብቡ

ዛሬ ለሃይሉክስ 265/65 አር17 ጎማ ስንመርጥ ዋልን። ከዋጋው በፊት ጎኑን እዩ። ዶት (DOT) ከሚለው መስመር መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ካለ የ2019 (በፈረንጆች) 23ኛ ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ይደርቃል። በጥርሶቹ መሃል ብርሃን አብሩበት፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ተዉት። ከልኩ ቀጥሎ 112 የሚለው ደግሞ አንዱ ጎማ እስከ 1120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።

አስፋልትና ኮረኮንች ለሚበዛበት ኤቲ (A/T፣ ለሁሉም ዓይነት መንገድ የሚሆን ጎማ) ይበቃል። የዋልካ ጭቃ ግን የኤቲን ጥርስ ይሞላውና ጥርሱ እንዳለቀ ጎማ ያንሸራትታል። እዚያ ኤምቲ (M/T፣ የጭቃ ጎማ) ነው የሚያዋጣው፤ ጥርሶቹ ስለተራራቁ ጭቃውን ይተፋል። አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ እርጥብ ላይ ፍሬን ስትይዙ ቶሎ አይቆምም። የአፋር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቀደው ጎኑን ስለሆነ ለዚያ 10 ፕላይ የሚባለውን ጠንካራ ጎማ ፈልጉ።

እባካችሁ ሁለት አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋር አትቀላቅሉ! ዙሪያቸው ስለሚለያይ ፎር ዊል ሲገባ ፊትና ኋላ ይጓተቱና ጫናው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ በሚያካፍለው ትራንስፈር ላይ ያርፋል። ስኮርታውም ያው ልክ ይሁን።