ማክሰኞ ማታ፣ የረቡዕ ቡድን ሜዳ

ትኬቷን ከሦስት ሳምንት በፊት ነው የገዛሁት። 32 ፓውንድ። ለንደን ያሉ ጓደኞቼ "ማን ከማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ፤ ሼፊልድ ዌንስዴይ ከኖርዊች ስላቸው ዝም አሉ። አርሰናል ወይ ማንቸስተር ብል ኖሮ ግማሾቹ አብረን እንሂድ ባሉኝ ነበር። ሁለተኛው ሊግ፣ ያውም በሥራ ቀን፣ ያውም በሁዳዴ። እኔ ግን ይህን ጉዞ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምጠብቀው።

አባቴ ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝን ውጤት በሬዲዮ ይሰማ ነበር። ጋዜጠኛው ስሞቹን ሲደረድር አንዷ ላይ ሁሌም ጆሮዬ ይቆማል። ዌንስዴይ።

"አባዬ፣ ዌንስዴይ ምን ማለት ነው?"

"ረቡዕ።"

"ቡድን እንዴት ረቡዕ ይባላል?"

"እሱን እንግዲህ አድገሽ፣ አገራቸው ሄደሽ ጠይቂያቸው።"

አባቴ አሁን የለም። አድጌያለሁ፣ አገራቸውም መጥቻለሁ፣ ለንደን ከገባሁ ስንት ዓመቴ። ያልሄድኩት ሼፊልድ ብቻ ነበር። እና ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ማክሰኞ ማታ ጨዋታ እንዳለ ሳይ ከሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ።

ሰኞ ከሰዓት ከቪክቶሪያ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ አብዛኛውን ተኝቼ ነው የደረስኩት፤ ስለ መንገዱ የምነግራችሁ የለኝም።

ስለ ማደሪያዬ ግን አለኝ። 45 ፓውንድ ከፍዬ የያዝኩት ክፍል ማሞቂያው አይሠራም። ከሥሩ መጠጥ ቤት ነው፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሙዚቃው ምት ከአልጋው እግር በኩል ወደ ጀርባዬ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ወርጄ ነገርኳቸው፤ "ነገ ይሠራል" አሉኝ። እኔ ነገ የለሁም! ካፖርቴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጠቅልዬ አነጋሁ። ጠዋት ደግሞ ቦርሳዬን እስከ ማታ አቆዩልኝ ስላቸው 6 ፓውንድ ጠየቁኝ። በዚህ በጣም ተናደድኩ። አዲስ አበባ የትኛውም ትንሽ ፔንሲዮን ብትሄዱ ጠባቂው "ኧረ ምን ችግር አለው፣ እዚያ ጥግ ላይ አስቀምጪው" ይላል እንጂ ለቦርሳ ሒሳብ አይጠይቅም። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ውጪ ዝናብና ነፋስ ነው። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ሰባት ኮረብታ ላይ ነው የተሠራው ይላሉ፣ እግሬ ሁሉንም የቆጠራቸው መሰለኝ። ሰው ግን እንዴት ደግ ነው! ሱቅ ግቡ፣ መንገድ ጠይቁ፣ ሁሉም "ላቭ" እያለ ነው የሚጠራችሁ። ለንደን ውስጥ በዓመት የማልሰማውን እዚህ እስከ እኩለ ቀን ሰማሁት። እኛ ጋ አንዲት የጉልት ነጋዴ "ነይ የኔ እናት" ስትል ያለው ነገር አለበት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ራበኝ። ጾም ስለሆነ ድንች ጥብስ ይሻለኛል ብዬ አንድ አሳና ድንች ቤት ገባሁ። በምን ዘይት ነው የምትጠብሱት አልኳት ሴትየዋን። ማንኪያዋን አስቀመጠችና በደንብ አየችኝ። "በበሬ ሞራ ነው ላቭ፣ በዚህ በዮርክሸር ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው" አለችኝ። ዝም ብላ ልትሸጥልኝ ትችል ነበር። ይልቁንም እስከ በሩ ድረስ ወጥታ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ ያለ ካፌ አሳየችኝ። እዚያ የተጠበሰ ዳቦ ላይ በቲማቲም የተሠራ ቦሎቄ በላሁ። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካንማ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ነበር። ሄንደርሰንስ ሬሊሽ ይሉታል፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እዚሁ ከተማ የሚሠራ ነው። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ከኋላ ደግሞ የቅርንፉድ ሽታ የሚመጣበት። ከእንስሳት የተገኘ ነገር የለበትም፤ ጠርሙሱን አዙሬ አንብቤ አረጋገጥኩ። የከተማው ሰው ሁሉም ምግብ ላይ ነው የሚያፈሰው፣ ልክ እኛ ሚጥሚጣ ከጠረጴዛ እንደማይጠፋው። አንድ ጠርሙስ ገዝቻለሁ፣ ለንደን እወስደዋለሁ።

ከዚያ የአባቴን ጥያቄ ይዤ ክሩሲብል ወደሚባለው ቲያትር ቤት ሄድኩ። ስኑከር የሚከታተል ሰው ያውቀዋል፣ የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚካሄደው እዚያ ነው። ድሮ ቦታው ላይ አዴልፊ የሚባል ሆቴል ነበር። ዌንስዴይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 1867 እዚያ ሆቴል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን በ1820 የተቋቋመ የክሪኬት ክበብ ነበር፤ አባላቱ የእጅ ባለሙያዎች፣ ረቡዕ ረቡዕ ግማሽ ቀን ዕረፍት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በዚያች ግማሽ ቀን ነበር የሚጫወቱት። ክረምት ሲገባ እንዳይበታተኑ ብለው ነው እግር ኳሱን የጀመሩት። ስሙ እንግዲህ የሠራተኛ የዕረፍት ቀን ነው። አባቴ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር፣ እሱም ዕድሜ ልኩን ሠራተኛ ነበር። ዝናቡ ላይ ቆሜ ሕንፃውን ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ጨዋታው የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። እኔ ገና በ11 ሰዓት ትራም ላይ ነበርኩ። እናቴ ደወለች። የቡድኑ ምልክት ጉጉት መሆኑን ስነግራት "በስመ አብ! ሌላ ወፍ አጡ?" አለች። ጉጉት እኛ ቤት ጣራ ላይ ከጮኸ አያቴ ሌሊቱን አትተኛም ነበር። እዚህ ግን ሰፈሩ ኦውለርተን ስለሚባል ከሰፈሩ ስም የወጣ ነው፣ ሕፃን አዋቂው ጉጉት ያለበት ኮፍያ አድርጓል። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው፣ በአማርኛችን ወፉም ጉጉት ነው፣ መጓጓቱም ጉጉት ነው፣ ስንጽፋቸው አንድ ናቸው። ያን ሰዓት ደረቴ ውስጥ የነበረው ሁለተኛው ነው።

"የአገሬ ልጅ ነሽ እንዴ?"

ዞር አልኩ። ሃምሳውን ያለፉ ሰው፣ ሰማያዊና ነጭ ስካርፍ አንገታቸው ላይ። የደሴ ሰው ናቸው፣ እዚህ ከተማ ብዙ ዓመት ኖረዋል። "ሲያዩት ዳገቱ ደሴን ይመስላል፣ ጦሳ ብቻ ነው የጎደለው" አሉኝ። ጋሼ እያልኩ ነው የጠራኋቸው፣ በዚያው ቀረ። የረመዳን የመጨረሻዋ ቀን ነበረች፣ ነገ ዒድ ነው። እኔ ሁዳዴ፣ እሳቸው ረመዳን፣ ሁለት ጾመኛ በአንድ ትራም። ወሎ ውስጥ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየንም።

ቡድኑ ስለተመሠረተበት ዓመት ያነበብኩትን ስነግራቸው ጣታቸውን ቆጠር ቆጠር አደረጉና "ያን ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ገና በሕይወት ነበሩ" አሉኝ። እውነት ነው። ንጉሡ መቅደላ ላይ የሞቱት ከሰባት ወር በኋላ ነው። የእንግሊዝ ጦር ወደ እኛ ለመዝመት ሲሰናዳ እነዚህ ሠራተኞች ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብለው ክረምቱን ምን እንጫወት ይሉ ነበር።

ከዚያ ወደ ዛሬው ጨዋታ ገባን። ሊጉ 24 ቡድን ነው፣ እያንዳንዱ 46 ጊዜ ይጫወታል፣ ለዚህ ነው ማክሰኞና ረቡዕ የሚበዛው። ዘንድሮ ሁለቱ በቀጥታ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያልፋሉ፣ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ያሉት በጥሎ ማለፍ ይለያሉ፣ ሦስቱ ይወርዳሉ። ኖርዊች ከላይ ያለችውን ስድስተኛነት ይዞ ለመጨረስ ነው የመጣው። ዌንስዴይ ከታች ካለው ወራጅ ቀጠና ለመውጣት። የዛሬውን ጨምሮ 5 ጨዋታ ነው የቀረው። ጎረቤት ሮዘርሃም ባለፈው አርብ መውረዱ ተረጋግጧል፣ ትራሙ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ስለዚያው ቀስ ብለው ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር። ዌንስዴይ በመጀመሪያዎቹ 10 ጨዋታዎች አንድም አላሸነፈም። ጥቅምት ላይ ጀርመናዊው ዳኒ ሮል መጣ፤ 34 ዓመቱ ነው፣ ከዚያ በፊት በባየርንና በጀርመን ብሔራዊ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነበር። "ልጅ ነው፣ ግን እንደ ሽማግሌ ያስባል" አሉኝ ጋሼ።

እንወርዳለን ብለው ይፈሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"አብሽሪ" አሉኝ። "አምና ፒተርቦሮ ላይ 4 ለ 0 ተሸንፈን መጣን፣ የሦስተኛው ሊግ ጥሎ ማለፍ ነው። የመልሱ ሐሙስ ማታ እዚሁ ነበር። በባከነው ሰዓት፣ 98ኛው ደቂቃ ላይ ሊያም ፓልመር አራተኛዋን አገባ። እኔ ልወጣ ተነሥቼ ነበር፣ ኋላዬ የነበረ ሰውዬ ነው በካፖርቴ ይዞ ያስቀረኝ። በመለያ ምት አለፍን። ከዚያ ዌምብሌይ ላይ ባርንስሌይን በ123ኛው ደቂቃ አሸነፍን።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወፍሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ውኃ ያልጠጣ ሰው መሆናቸውን ረሳሁት።

ሌፒንግስ ሌን ፌርማታ ወረድን። ይህን ስም የማያውቅ የእግር ኳስ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 የሊቨርፑልና የኖቲንግሃም ፎረስት የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ እዚህ ሜዳ ላይ ነበር፣ በዚህ በኩል በነበረው መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞቱ። ደጋፊዎቹ ጥፋት እንዳልነበረባቸው በፍርድ ሸንጎ የተነገረው ከ27 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። 27 ዓመት ሙሉ እናቶች እውነቱን ሲፈልጉ ኖሩ። እኔ የመጣሁት በእነሱ አቆጣጠር ሚያዝያ 9፣ 35ኛ ዓመቱ ሊሞላ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። የመታሰቢያው ድንጋይ ጋ አበባና ቀይ ስካርፎች ነበሩ፣ ዝናቡ አበስብሷቸዋል። አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ የዌንስዴይ ማሊያ የለበሰ፣ ነፋስ የጣለውን ቀይ ስካርፍ አንሥቶ ጨምቆ መልሶ አሰረው። ማንም አላዘዘውም። አባቱ ኮፍያውን አውልቆ ጎን ቆሟል። እኔም አማተብኩ፣ ጋሼም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ።

ሜዳው እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ እዚያው ቆሟል። ቤት አለ፣ ሱቅ አለ፣ ወንዝ አለ፣ መሐሉ ላይ ስታዲየም። ሰው ከሥራ ወጥቶ በእግሩ ይመጣል። ይህን ሳይ ቀናሁ፣ አልደብቅም። አባቴ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ የወሰደኝ የአዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ላይ ነው ተብሎ ስንት ዓመት ሆነው! ዋልያዎቹ ዘንድሮ የሜዳቸውን ጨዋታ ሞሮኮ ሄደው ነው የተጫወቱት። የራሱ ሜዳ የሌለው ቡድን ልጆች የት ሄደው ይዩት? ይህን ለጋሼ ስነግራቸው መልስ አልሰጡኝም፣ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ኮፕ የሚባለው የደጋፊዎች መቀመጫ ላይ ነው የተቀመጥነው፤ ግራናይት ደረጃ የሚመስል አንድ ትልቅ ዳገት፣ ጣራ ያለው። ስሙ ስፒዮን ኮፕ ከሚባል የደቡብ አፍሪካ ኮረብታ የመጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ጦርነት ከተደረገበት። በእኛ ስታዲየም ካታንጋ የምትባለዋ የደጋፊዎች መቀመጫም ስሟ ከኮንጎ ነው። የጋሼ ወንበር ከእኔ በላይ ነበር፣ አጠገቤ የነበረው ወጣት ግን ሲያወሩኝ ሰምቶ "አባትሽ ናቸው?" ብሎኝ ሳልመልስለት ተነሥቶ ቦታ ለወጣቸው።

አሁን ይህን የምጽፈው ስልኬ ላይ ነው፣ ጣቴ ቀዝቅዞ። ተጫዋቾቹ አሟሙቀው ገብተዋል። ፊት ለፊት ኖርዊቾች መጥተዋል፣ ከምሥራቅ እንግሊዝ ጫፍ ድረስ፣ በሥራ ቀን። ቢጫና አረንጓዴ ስካርፋቸውን ሲያነሡ ከሩቅ የአገሬን ሰንደቅ መሰለኝ፣ ቀይዋ ብቻ የጎደለች። መብራቱ ላይ ዝናቡ እንደ ወንፊት ዱቄት ይታያል። እዚህ ሥር ቆመው ከሚዘምሩት ውስጥ ግማሾቹ ነገ በ12 ሰዓት ሥራ የሚገቡ ናቸው። እኔም የሌሊት አውቶቡስ አለኝ።

ጋሼ ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ቴምር አወጡ። ፀሐይ የምትጠልቀው ጨዋታው ከተጀመረ ከስምንት ዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ነው። ስልካቸው ላይ ሰዓቱን አይተው አንዷን ለእኔ ሰጡኝ። "ያዣት፣ የጾም ናት። አብረን ነው የምንበላው" አሉኝ።

ይዣታለሁ። ቡድኖቹ እየወጡ ነው።