ከቶካማክ ወደ ኒውራል ኔትወርክ፦ ድልድዩ የት ነው?

ከፊውዥን (የአቶም ኒውክሊየሶችን አዋህዶ ኃይል የማግኘት) ምርምር ወደ ኒውራል ኔትወርክ ለሚሻገር የፊዚክስ ባለሙያ ምርጡ መግቢያ፣ በእኔ ግምት፣ ዲስራፕሽንን፣ ማለትም የፕላዝማን ድንገተኛ መፍረስ፣ አስቀድሞ መተንበይ ነው። ቶካማክ፣ ማለትም ፕላዝማን (እጅግ የጋለ ጋዝን) በማግኔት የሚይዝ የፊውዥን ማሽን፣ ውስጥ ፕላዝማው ድንገት ሲፈርስ፣ ያቀፈው ሙቀት በሚሊሰከንዶች ውስጥ ግድግዳው ላይ ያርፋል። እንግሊዝ በነበረው ጄት (JET) በተባለ ቶካማክ ላይ የተሠሩ ሞዴሎች የሚለኩት ቢያንስ 30 ሚሊሰከንድ ቀድመው በማስጠንቀቃቸው ነበር። ማስጠንቀቂያው ከዚያ ከዘገየ ጉዳቱን ለማለዘብ ወደ ፕላዝማው የሚረጨው ጋዝ በጊዜ አይደርስም።

ስህተቱ የሚበዛው ሞዴሉ ላይ ሳይሆን መረጃው ላይ ነው። ማሠልጠኛና መፈተኛ ሲለዩ በሙሉ ሙከራ ይለዩ። የአንድ ሙከራ ቁርጥራጮች በሁለቱም በኩል ከገቡ ውጤቱ ያማረ፣ ግን የውሸት ይሆናል። ሲግናሉን ለማለስለስ የወደፊቱን የሚያይ ፊልተር መጠቀምም ያው ነው፤ የመፍረሱን ወሬ ወደ ኋላ ያሾልካል። ይህ ስህተት በተለይ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ሞዴሉ ማሽኑ ላይ በቀጥታ ሲሠራ ነው። ፕላዝማው የሚፈርስባቸው ሙከራዎች ጥቂት ከሆኑ ደግሞ አጠቃላይ የትክክለኛነት መቶኛ ያታልላል። ስንቱን በጊዜ ያዘ፣ ስንት ጊዜ በከንቱ ጮኸ ብለው ይቁጠሩ።

የፕላዝማውን እፍግታ ለሞዴሉ በጥሬው ከመስጠት ለግሪንዋልድ ወሰን (ቶካማክ ሊይዘው ለሚችለው የእፍግታ ጣሪያ) ማካፈል ሞዴሉ ወደ ሌላ ማሽን እንዲሻገር ያግዛል። ይህን የሚያውቀው ፕላዝማ ያጠና ሰው ነው።

ድልድዩ ከትንበያ አልፎ ፕላዝማን እስከ መቆጣጠር ይደርሳል፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነው ሥራ፣ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያው ዲፕማይንድ ያሠለጠነው ኔትወርክ በስዊዘርላንድ ሎዛን በሚገኘው ቲሲቪ (TCV) ቶካማክ ላይ 19 የማግኔት ኮይሎችን በሰከንድ 10,000 ጊዜ አዘዘ። ሥልጠናው የተካሄደው በሲሙሌተር ነው፤ ሲሙሌተሩ በደንብ ከማይገልጻቸው ሁኔታዎች ኔትወርኩ እንዲርቅ ቅጣት ተቀምጦለት ነበር።